ፕሪንተሩ ስማችንን መጻፍ የጀመረው መቼ ነው?

ነገሩ የጀመረው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ከመካከላችን አንዷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰኞ ጠዋት ከፕሪንተሩ በላይ ሦስት ገጽ ሰንጠረዥ ተለጥፎ ተገኘ። ርዕሱ «የወሩ የወረቀት አጠቃቀም» ይላል። በመጀመሪያው ዓምድ የሠራተኛው ስም፣ በሁለተኛው የገጹ ብዛት፣ በሦስተኛው ደግሞ የታተመው ሰነድ ስም ሰፍሯል። ሐሳቡ ክፋት አልነበረውም። ወረቀትና ቀለም ተወዷል፤ አስተዳደሩም ማን ስንት እንደሚጨርስ አሳይቶ ሰዉን በይሉኝታ ሊቆጥብ ፈልጓል። ታሪኩን ስትነግረን መጀመሪያ ስቀን ነበር። የልጁን የቤት ሥራ ያተመ፣ የዕድር ደብዳቤ ያባዛ፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚያስገባውን ማመልከቻ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያለ ያወጣ ሁሉ በሻይ ሰዓት መቀለጃ ሆነ።

ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ግን የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ስም ነበር። ዝምተኛ ሴት ናቸው። ከስማቸው ትይዩ «4 ገጽ» ይላል፤ ቀጥሎ «የፍቺ ስምምነት»። በዚያን ቀን እሳቸው ለሻይ አልወጡም።

ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ ተነሣ። የአይቲው ልጅ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ «እኔ ምንም አልጻፍኩም፤ ራሱ ነው የሚጽፈው» አለ። ልጁ አልዋሸም፤ ያወጣው ፕሪንተሮቹን የሚያስተዳድረው ሰርቨር በየቀኑ ሲመዘግብ የከረመውን ነው።

ለመሆኑ ራሱ ነው የሚጽፈው? የማተሚያ መዝገብ ስምን፣ ሰዓትንና የሰነድ ርዕስን መያዝ የጀመረው መቼ ነው? ማንስ አዘዘው? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ሄድን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስም የማያውቀው ቆጣሪ

በቢሮ ውስጥ ገጽን እየቆጠሩ ማስከፈል በሰፊው የተለመደው ከኮምፒውተር ጋር ሳይሆን ከኮፒ ማሽን ጋር ነው። ቼስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በአንድ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ሲሠራ ሰነድ በእጅ መገልበጥ አሰልችቶት ኖሮ፣ በጥቅምት 1938 ኒውዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በሚባል ሰፈር በደረቅ ዱቄትና በኤሌክትሪክ ሙሌት የመጀመሪያዋን ቅጂ አወጣ። ሐሳቡ የቢሮ ዕቃ እስኪሆን ሃያ ዓመት ፈጀ። በመስከረም 1959 ሃሎይድ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ 914 የተሰኘውን ማሽን ለሕዝብ አሳየ። ማሽኑ 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ነበረው፤ በደቂቃ 7 ቅጂ ያወጣል።

ማሽኑ ውድ ስለነበረ ኩባንያው ማከራየትን መረጠ። ተከራዩ በወር 95 ዶላር ይከፍላል፤ ለዚያ የመጀመሪያዎቹን 2,000 ቅጂዎች ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ ቅጂ ጥቂት ሳንቲም ይጨምራል። እንዲህ ያለ ውል ያለ ቆጣሪ አይሠራም። ስለዚህ በየማሽኑ ውስጥ እንደ መብራት ቆጣሪ ያለ፣ ወረቀት ባለፈ ቁጥር አንድ የሚል ቆጣሪ ነበረ። ይህ የሒሳብ መንገድ ዜሮክስን ሀብታም አደረገው። የቢሮ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ ዋጋ እንዳለው የተማረው ያኔ ነው።

ቆጣሪው ግን ማንንም አያውቅም ነበር። በግቢ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ግቢው አንድ የመብራት ቆጣሪ አለው፤ ተከራዮቹ አምስት ናቸው። ቢል ሲመጣ አከራይዋ በረንዳ ላይ ቆመው «ማነው በየቀኑ እንጀራ የሚጋግረው?» ማለት ይጀምራሉ። ቆጣሪው ስንት እንደተበላ እንጂ ማን እንደበላ አይናገርም። ቢሮዎችም እንዲሁ ተቸገሩ። መፍትሔ ተብሎ የመጣው አንዱ ዘዴ ለየክፍሉ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ቆጣሪ መስጠት ነበር፤ ኮፒ ማሽኑ ላይ ካልተሰካ ማሽኑ አይሠራም። በወሩ መጨረሻ የሒሳብ ክፍል ቆጣሪው ይነበባል፣ የግዥ ክፍል ይነበባል፣ ወጪው ይከፋፈላል። ክፍሉ እንጂ ሰውየው አይታወቅም። ምን እንደገለበጠማ ጭራሽ አይታወቅም።

ስሙ የገባው ለማድረስ ነው

ስም ወደ መዝገቡ የገባው በሌላ በር፣ በትልልቆቹ ኮምፒውተሮች በኩል ነው። አይቢኤም በሚያዝያ 1964 ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ይፋ ሲያደርግ፣ አንድ ማሽን የብዙ ክፍሎች የጋራ ንብረት ነበር። ሥራ የሚሰጠው ሰው በካርድ ላይ በተበሳ ትእዛዝ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ካርድ የሥራውን ስም ይዞ የሒሳብ ቁጥርና የባለቤቱ ስም የሚሰፍርበት ቦታ ነበረው። ሥራው አልቆ የሚታተመው ባለቤቱ በሌለበት ክፍል ነው። ኦፕሬተሩ የማን እንደሆነ አውቆ በየሣጥኑ እንዲያስቀምጠው፣ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ስሙን በትልልቅ ፊደል የያዘ መለያ ገጽ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ሲስተሙ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ራሱን ችሎ የሚመዘግብ ክፍል ተጨመረበት፤ ከመዝገቦቹ አንዱ ዓይነት በተለይ ለኅትመት የተመደበ ነበር።

ይህችን ነጥብ እንያዛት። በመለያው ገጽ ላይ ስም የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ አድራሻ በሚጻፍበት ምክንያት ነው፤ ወረቀቱ ወደ ባለቤቱ እንዲደርስ። ክስ ለመመሥረት አይደለም።

በ1971 ጋሪ ስታርክዌዘር በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ኮፒ ማሽንን በሌዘር ጨረር አሻሽሎ የመጀመሪያውን የሌዘር ፕሪንተር ሠራ። ኮፒ ማሽኑና ኮምፒውተሩ ተጋቡ ማለት ነው። ገጽ የሚቆጥረው ቆጣሪና ስም የሚያውቀው ካርድ የተቀራረቡትም ከዚህ በኋላ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሰናዳው የዩኒክስ እትም ውስጥ ፓክ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ሥራዋ የፕሪንተሩን የሒሳብ ፋይል አንብባ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ስንት ገጽ (በጥቅልል ወረቀት ለሚሠሩት ደግሞ ስንት ጫማ ርዝመት) እንደጨረሰ መደመር ነው። ሌላ ዋጋ ካልተሰጣት እያንዳንዱን በ2 ሳንቲም ታስባለች። የደስ ደስ ያለው ነገር፣ የፕሮግራሟ መመሪያ ጉድለቶች በሚዘረዘሩበት ቦታ የሚሰላው ዋጋ ከእውነተኛው ጋር ያለው ዝምድና ገና እንዳልታወቀ ይናዘዛል። የዛሬ የአስተዳደር ሪፖርቶች ይህችን ያህል ሐቀኝነት ቢኖራቸው ጥሩ ነበር።

የፈለግነውን መልስ ያገኘነው በዚሁ በርክሌይ ዩኒክስ ነው። ፋይል ወደ ፕሪንተር የሚልከው ትእዛዝ ለሥራው ስም መስጠት ይፈቅዳል፤ ስሙ መለያው ገጽ ላይ ይታተማል። ተጠቃሚው ስም ካልሰጠው ግን ትእዛዙ የመጀመሪያውን ፋይል ስም ወስዶ ይጠቀማል። ይኸው ነው። የሰነዱ ርዕስ ወደ ኅትመቱ ጉዞ የተቀላቀለው አንድ ፕሮግራመር «ባለቤቱ ወረቀቱን ከክምሩ መሃል ቶሎ እንዲያገኝ» ብሎ ባሰበው ቸርነት ነው። ይህ የአላላክ ሥርዓት በነሐሴ 1990 በይፋ ሰነድ ተጽፎ ሲወጣ፣ ሥራውን ተከትሎ የሚሄደው ትንሽ ፋይል የላኪውን ኮምፒውተር፣ የተጠቃሚውን ስምና የሥራውን ስም በየራሳቸው መስመር ይዞ ነበር።

ስምን ማወቅ ለሰው ጥቅም እንደሚውል የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። ሪቻርድ ስቶልማን በኤምአይቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ የድሮው ፕሪንተር ሥራው ሲያልቅ ለባለቤቱ፣ ወረቀት ሲይዝ ደግሞ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን አስተካክሎት ነበር። በ1980 አካባቢ አዲስ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ሲመጣ የፕሮግራሙን ምንጭ ማግኘት ስላልቻለ ያንን ማድረግ ሳይችል ቀረ። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄን ወደ መጀመር ከመሩት ነገሮች አንዱ ይህ እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ያኔ የፕሪንተር ክትትል ማለት ማሽኑ ለተጠቃሚው ሪፖርት ማድረጉ ነበር።

ገጹ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ

በ1984 ኤችፒ ሌዘርጄትን፣ በ1985 አፕል ሌዘርራይተርን ለገበያ ሲያቀርቡ ሌዘር ፕሪንተር ከልዩ ክፍል ወጥቶ ጠረጴዛችን አጠገብ መጣ። ወረቀቱን የሚያድል ኦፕሬተር የለም፤ ተነሥተን ራሳችን እናነሣለን። መለያው ገጽ ጥቅሙ አነሰ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ስለሚበላም በየቢሮው ተዘጋ። ስሙና ርዕሱ ግን ከሥራው ጋር መጓዛቸውን አላቆሙም። የሚታተሙበት ገጽ ሲጠፋ ማረፊያቸው መዝገቡ ብቻ ሆነ። አድራሻ የነበረው ነገር ማስረጃ የሆነው እንዲህ ነው፤ ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም።

የሚገርመው ቆጠራው ራሱ ቀላል አለመሆኑ ነው። በ1995 የወጣው የፕሪንተሮች የአስተዳደር መስፈርት፣ ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ ያተመውን ጠቅላላ ብዛት አስተዳዳሪው በኔትወርክ እንዲያነብ አስቻለ። ያ ቁጥር ማሽኑ ራሱ የቆጠረው ስለሆነ ይታመናል፤ ግን ስም የለውም። ሰርቨሩ በተቃራኒው ስም ያውቃል፤ ቁጥሩን ግን በግምት ነው የሚይዘው። ወረቀት መሃል ላይ ቢይዝ፣ ሥራው ቢሰረዝ፣ ሰርቨሩ ተታተመ ብሎ የጻፈው ገጽ በእውነት ላይወጣ ይችላል። ፖስትስክሪፕት የሚባለው የገጽ መግለጫ ደግሞ ራሱ ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ፣ ሥራውን እስከ መጨረሻው ሳያስኬዱ ስንት ገጽ እንደሚወጣው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ቁጥሩን የሚያውቀው ስም አያውቅም፤ ስም የሚያውቀው ቁጥሩን አያውቅም። የኅትመት ሒሳብ ሶፍትዌር የሚባለው ሁሉ ሥራው ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ይህ ሥራ ገበያ ያገኘው በተለይ በትምህርት ቤቶች ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲገባ ተማሪው ያገኘውን ገጽ ሁሉ ማተም ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ፔፐርከትም መነሻው በዚያው ዘመን አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮታ ይሰጠዋል፣ ባተመ ቁጥር ይቀነስበታል። በዚያው በ1999 የወጣው የኢንተርኔት ኅትመት ፕሮቶኮልም የሥራውን ስምና የላኪውን ስም መደበኛ መረጃ አድርጎ አጸና። የዊንዶውስ ሰርቨርም ማን፣ ምን የተባለ ሰነድ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው ፕሪንተር፣ ስንት ገጽ እንዳተመ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት መዝገብ አለው። የአይቲው ልጅ ያወጣው እንዲህ ያለውን ነው።

ሚዛናዊ እንሁን። ከነዚህ ሥርዓቶች ጋር የመጣ አንድ በእርግጥ የሚጠቅም ነገር አለ፤ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ቆይቶ ባለቤቱ ፕሪንተሩ ዘንድ ሄዶ መታወቂያ ካርዱን ሲያስነካ ብቻ የሚታተምበት ዘዴ። ተረስቶ የሚጣል ወረቀት ይቀንሳል፤ የደመወዝ ደብዳቤም በትሪው ላይ ተጋልጦ አያድርም። ወይዘሮዋን ከአላፊ አግዳሚ ዓይን ሊሰውራቸው ይችል ነበር። ከመዝገቡ ግን አይሰውራቸውም።

ስድስት ሰዎች

መዝገቡ ከወረቀት ሒሳብ ወዲያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ዓለም በግልጽ ያየው በ2017 ነው። ጋዜጠኝነት ለተማርነው ይህ ክፍል ከሁሉም ይከብደናል።

ሪያሊቲ ዊነር በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ ከተማ፣ ለብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በውል የምትሠራ የቋንቋ ባለሙያ ነበረች። በግንቦት 2017 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ሥርዓት ላይ ያደረገውን ሙከራ የሚተነትን ምስጢራዊ ሰነድ አትማ ዘ ኢንተርሴፕት ለተባለው የዜና ድርጅት በፖስታ ላከች። የዜና ድርጅቱ እውነተኛነቱን ለማጣራት ቅጂውን ለመንግሥት አሳየ። መርማሪዎቹ ወረቀቱ ላይ የመታጠፍ ምልክት አዩ፤ እንግዲያው ታትሞ በእጅ የወጣ ነው አሉ። ቀጥሎ የኅትመት መዝገቡን ከፈቱ። ሰነዱን ያተሙት ስድስት ሰዎች ናቸው። የስድስቱ የሥራ ኮምፒውተር ሲፈተሽ ከዜና ድርጅቱ ጋር በኢሜይል የተጻጻፈችው አንዷ ብቻ ሆና ተገኘች። ዘገባው ከመውጣቱ ከሁለት ቀን በፊት፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ታሰረች። በነሐሴ 2018 የ63 ወር እስራት ተፈረደባት።

በጊዜው ብዙ የተወራው ስለ ቢጫ ነጠብጣቦች ነው። አንዳንድ የቀለም ሌዘር ፕሪንተሮች በየገጹ ላይ በዓይን የማይለዩ ቢጫ ነጥቦች ያትማሉ፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2005 የአንዱን የዜሮክስ ሞዴል ኮድ ፈትቶ ቀንን፣ ሰዓትንና የማሽኑን ተከታታይ ቁጥር እንደሚይዝ አሳይቷል። ዘ ኢንተርሴፕት በለጠፈው ቅጂ ላይም ነጥቦቹ ነበሩ። ለፍርድ ቤት የቀረበው የኤፍቢአይ ቃለ መሐላ ግን ነጥቦቹን አያነሣም። የሚያነሣው የታጠፈውን ወረቀት፣ መዝገቡንና ኢሜይሉን ነው። ለመርማሪዎቹ ሥውር ጥበብ አላስፈለጋቸውም፤ ከዜሮክስ ቆጣሪ ጀምሮ ሲያድግ የመጣው ተራ የቢሮ መዝገብ በቃቸው። የዜና ድርጅቱም በኋላ አሠራሩ ከሚጠበቅበት በታች እንደነበር አምኗል።

መንግሥት ምስጢሩን የመጠበቅ መብት የለውም እያልን አይደለም፤ ዊነር ትክክል ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለውም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የሚያሳስበን መዝገቡ የስለላ ድርጅትንና ተራ መሥሪያ ቤትን አለመለየቱ ነው። የምስጢር ሰነድ ያተመችውንም፣ የፍቺ ስምምነት ያተሙትንም የሚጽፈው በአንድ ዓይነት ብዕር ነው።

መዝገቡ የቢሮው ብቻ ሆኖ የሚቀርም አይምሰለን። በመጋቢት 2023 ፔፐርከት ሁለት የደኅንነት ክፍተቶችን የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። አንደኛው ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን ለመቆጣጠር የሚያስችል ነበር። ሁለተኛው የተጠቃሚዎችን ስም፣ ኢሜይል፣ የሚሠሩበትን ክፍልና የካርድ ቁጥር የሚያጋልጥ። በሚያዝያ ማሻሻያውን ያልጫኑ ሰርቨሮች መጠቃት ጀመሩ፤ በግንቦት የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋምና ኤፍቢአይ በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ የትምህርት ተቋማት ዒላማ መሆናቸውን ገለጹ። ወረቀት ለመቆጠብ የተሰበሰበ መረጃ የወረቀት ያህል ርካሽ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየ።

ታዲያ ራሱ ነው የሚጽፈው?

አይደለም። ራሱ ሲጽፍ ያየነው አንድም ቦታ የለም። ስሙን ያስገባው ወረቀቱ እንዲደርስ የፈለገ ነው፤ ርዕሱን ያስገባው ባለቤቱ ወረቀቱን እንዲያገኝ የፈለገ ነው፤ ሁለቱን ከቁጥሩ ጋር ያጋባው ወጪ ማከፋፈል የፈለገ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች ካለፉ ቆይተዋል፤ መዝገቡ ግን አላወቀም።

ሰዎች ያስገቡትን ሰዎች ማውጣት እንደሚችሉም ማስረጃ አለ። በኋለኞቹ የዊንዶውስ እትሞች አስተዳዳሪው ካልፈቀደ የሰነዱ ስም ወደ መዝገቡ አይገባም። በሊነክስ ዓለም የተለመደው ከፕስ የተባለው የኅትመት ሥርዓትም የገጽ መዝገቡ ምን እንዲይዝ በአንድ መስመር ያስወስናል፤ መስመሩ ባዶ ከሆነ ምንም አይጽፍም። የወረቀት ወጪ ማወቅ ለሚፈልግ መሥሪያ ቤት የክፍሉና የገጹ ብዛት ይበቃዋል። የግድ በሰው ይሁን ቢባል እንኳ፣ ርዕሱ ለሒሳብ ምን ያደርጋል? ወሩ ተዘግቶ ሒሳቡ ከታወቀ በኋላስ ዝርዝሩ ለምን ይቀመጣል? ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ጥያቄዎች በየቢሮህና በየቢሮሽ ላለው የአይቲ ባለሙያ ብታቀርቡ ደግ ነው። ምናልባት እሱም «ራሱ ነው» ብሎ ኖሮ ይሆናል እንጂ ማስተካከያውን አይቶት አያውቅ ይሆናል።

የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ አሁን የግል ወረቀት ሲኖራቸው መንገዱን ተሻግረው ካለው ኮፒ ቤት ነው የሚያሳትሙት። እርግጥ ነው፣ አንዳንዴ ፍላሻቸው ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ልጁ ግን ገጹን በጣቱ ላጥ ላጥ አድርጎ ይቆጥራል፣ በዋጋው ያባዛል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ መልስ ይሰጣል። ስም አይጠይቅም።

ቸር እንሰንብት።